የድሮ ምላጭ ስታድሱ ግራይንደር አታስነኩት

ከባቲ የሰኞ ገበያም ሆነ ከአያታችሁ ሣጥን የድሮ ታጣፊ ምላጭ ካገኛችሁ፣ በተለይ በምላጭ የታወቀችው የጀርመን ከተማ የሶሊንገን ሥራ ከሆነ፣ እባካችሁ ዝገቱን በግራይንደር አታስለቅቁ። ስስ ብረት ስለሆነ በሰከንዶች ይግላል። ሰማያዊ ካወጣ አለቀ፣ ያ ቦታ ከዚያ በኋላ ስለት አይይዝም። እኔ አንዱን እንዲህ አበላሽቼ እስካሁን ያንገበግበኛል።

በእጅ ሥሩት። ስለቱን በፕላስተር ሸፍኑና ውኃ በሚችል ብርጭቆ ወረቀት ከ400 ቁጥር ጀምራችሁ በ800፣ በ1000 አድርጋችሁ እስከ 2000 ሂዱ። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን አብሽሩ፣ ያምራል።

ዋናው ጣጣ እጀታው ነው። ወይራ እወዳለሁ፣ ጠንካራ ነው፣ ያ ጥቁር መስመሩም ዘይት ሲነካው ፍክት ይላል። ግን በደንብ የደረቀ ይሁን! ደሴ ክረምት ላይ ጭጋጉ ስለማይለቅ እንጨት እርጥበት ይዞ ይከርማል፣ እናንተ ቸኩላችሁ ከሠራችሁት ደግሞ በጋ ሲመጣ ይጣመምና ምላጩ ሲታጠፍ ስለቱ እንጨቱን እየነካ ይዶለዱማል። የእጀታውን ሁለት ጎን አንድ ላይ አስራችሁ ብሱ፣ ቀዳዳው እንዳይዛነፍ። በቀዳዳው ገብቶ ምላጩን ከእጀታው የሚያያይዘውን የናስ ሽቦ ጫፉን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱ፣ በየመሀሉ እያጠፋችሁ ምላጩ መሀል ላይ መግባቱን እዩ፤ አንዴ ከጠበቀ ማላላት ከባድ ነው።

መጨረሻ ላይ የተልባ ዘይት በስሱ ቀቡት፣ ሲደርቅ ድገሙት። የቀባችሁበትን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ አትጣሉ፣ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።