ግራፊክ ዲዛይን ለመማር ኮሌጅ ስትመርጡ

መጀመሪያ ብሮሹሩን ወደ ጎን አድርጉት። ማማሩ አይግረማችሁ፣ ማስታወቂያ ነው። መታየት ያለበት የተመራቂዎቹ ሥራ ነው። የመመረቂያ ኤግዚቢሽን ካላቸው ሄዳችሁ እዩ፣ ካልቻላችሁ ቢሃንስ (ዲዛይነሮች ሥራቸውን የሚያሳዩበት ድረ ገጽ) ላይ የትምህርት ቤቱን ስም ጻፉና የልጆቹን ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የሥራዎቻቸውን ስብስብ ፈልጉ።

ስታዩ ታዲያ የአንደኛዋን ተማሪ ሥራ ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ። ጎበዝ የትም ቢማር ጎበዝ ነው። የትምህርት ቤቱ ልክ የሚታወቀው በመካከለኛው ተማሪ ነው። አንድ ፖስተር ምረጡና ጠጋ ብላችሁ ጽሑፉን እዩት፦ በፊደሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ተመጣጥኗል ወይስ አንዱ ተጣብቆ አንዱ ተራርቋል? ራቅ ስትሉስ ቀኑና ቦታው ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል? ምስሉ አምሮ ጽሑፉ እንደነገሩ ጣል ተደርጎበት ከሆነ ታይፖግራፊ (የፊደል አመራረጥና አቀማመጥ) በቅጡ አልተማሩም ማለት ነው። የሁሉም ሥራ አንድ ዓይነት ከሆነ ደግሞ እያያችሁት ያለው የአስተማሪውን ምርጫ ነው።

ከዚያ የኮርሶቹን ዝርዝር ጠይቁ። ፎቶሾፕ አንድ፣ ፎቶሾፕ ሁለት፣ ኢላስትሬተር አንድ እያለ የሚወርድ ከሆነ እኔ አልመዘገብም። ፕሮግራሞቹን መቻል የግድ ነው፣ እሱ ላይ ክርክር የለም፣ ግን ይለዋወጣሉ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጽሔትና ጋዜጣ በብዛት የሚሰናዳው በኳርክኤክስፕረስ ነበር፤ በ1999 ኢንዲዛይን መጣና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቦታውን ወሰደበት። ገጽ ማቀናበር የሚያውቅ ሰው አዲሱን ለመደና ሥራውን ቀጠለ፣ የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ ብቻ ያጠና ግን እንደገና ከዜሮ ጀመረ። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሥዕል፣ ቀለም፣ ቅንብርና ታይፖግራፊ መኖራቸውን አረጋግጡ።

ኅትመትም ጠይቁ። ተማሪዎቹ ሥራቸውን አሳትመው ያያሉ ወይስ ሁሉም ነገር ስክሪን ላይ ያልቃል? ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው፣ ማተሚያ ደግሞ ወረቀት ላይ በሚያርፍ የኅትመት ቀለም ነው፤ ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ የሚያበራ ሰማያዊ ወረቀት ላይ ሲወጣ ድብዝዝ ይላል። ለመቁረጫ በየጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ትርፍ ያልተወለት ፖስተር ደግሞ ሲቆረጥ ዳር ዳሩ ላይ ነጭ መስመር ሊታይበት ይችላል። ይሄን ደንበኛ ፊት ከመማር ክፍል ውስጥ መማር ይሻላል።

ቢቻል አንድ ቀን ክፍል ገብታችሁ ተቀመጡ፣ በተለይ ሥራ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚተችበት ቀን። አስተማሪው "አሪፍ ነው፣ በርቱ" ብሎ ካለፈ ዋጋ የለውም። "ርዕሱና ንዑስ ርዕሱ እኩል እየጮኹ ነው፣ አንዱን አሳንሺው" የሚል ከሆነ ግን ደህና ቦታ ናችሁ። 40 ልጅ በታጨቀበት ክፍል ይሄ አይሆንም፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው ጊዜ ስንት ደቂቃ እንደሆነ አስሉት።

ዲግሪ ወይስ አጭር ፕሮግራም? ቀጣሪ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያየው ፖርትፎሊዮ ነው። ማስተርስ መቀጠል ወይም ማስተማር ካሰባችሁ ግን ዲግሪው ያስፈልጋችኋል፣ ትምህርት ቤቱም ዕውቅና ያለው መሆን አለበት።

በመጨረሻ ክፍያውን ስትጠይቁ የሶፍትዌር ፈቃድ፣ ላፕቶፕና የኅትመት ወጪ በማን ላይ እንደሆነ በግልጽ እንዲነግሯችሁ አድርጉ፤ ብሮሹሩ ላይ ከተጻፈው ውጪ የሚመጣው ወጪ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።