የታይሮይድ ኪኒን የሚዋጥበትን ሰዓት እንዴት እንምረጥ?

ይህ ጽሑፍ ሌቮታይሮክሲን ለሚወስዱ፣ ማለትም የታይሮይድ ሆርሞን ላነሳቸው ሰዎች ነው። ሆርሞኑ ለበዛባቸው የሚታዘዘው መድኃኒት ሌላ ነው፤ አወሳሰዱም ይለያል።

1. ሆዳችሁ ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት ፈልጉ። ምግብ ካለ ከኪኒኗ ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። መጠኗ የሚለካው በማይክሮግራም ስለሆነ ትንሽ ጉድለትም ለውጥ ያመጣል። ቡናም እንደ ምግብ ይቆጠር፤ ወተት ባይገባበትም ያው ነው።

የሚያዋጡ ሁለት ሰዓቶች አሉ። አንዱ ጠዋት ነው፤ ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ። ሌላው ማታ ሲተኙ ነው፤ ከራት በኋላ ቢያንስ 3 ሰዓት ቆይቶ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት፣ ኪኒኑን ማታ የወሰዱት ሰዎች የሆርሞን መጠን ጠዋት ከወሰዱት የተሻለ ነበር። እኔ ግን ማታ ይሻላል ብዬ ለሁሉም አልመክርም። አምሽቶ አንድ ነገር ቀመስ ማድረግ የሚወድ ሰው ጠዋትን ይያዝ። ከአልጋ ወርዶ በሩጫ ከቤት የሚወጣ ደግሞ ማታ ይቀለዋል።

2. አጠገቧ ምን እንደሚዋጥ እዩ። እኔ የወደቅኩት እዚህ ላይ ነው። ሰዓቴ ትክክል ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት፣ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ እወስድ ነበር። ግን የደም ማነስም ስለነበረብኝ የአይረን ኪኒን ታዞልኝ ነበር። ሁለቱን የሳምንት መድኃኒት መያዣዬ ውስጥ አንድ ክፍል ላይ አስቀምጬ አንድ ላይ እውጣቸዋለሁ። ወራት አለፉ። ድካሙ አልለቀኝም፣ እጄ ይቀዘቅዛል፣ ማበጠሪያዬ ላይ ፀጉር ይቀራል። ቲኤስኤች (ታይሮይድን ሥራ ብሎ የሚያዝ ሆርሞን ነው፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ ይላል) ሲለካ ከፍ ብሎ ይገኛል። መጠኑ ሁለት ጊዜ ተጨመረልኝ።

በመጨረሻ አንዲት ፋርማሲስት ኪኒኑን እየቆጠረች "ከዚህ ጋር ሌላ የሚወስዱት አለ?" አለችኝ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። አይረን ሆድ ዕቃ ውስጥ ሌቮታይሮክሲንን ይይዘዋል፤ የተያዘው ወደ ደም ሳይገባ ይወጣል። አይረኑን ወደ ከሰዓት አዛወርኩት። ከ6 ሳምንት በኋላ ስመረመር ቲኤስኤች በጣም ወርዶ ስለነበር የተጨመረልኝ መጠን መልሶ ተቀነሰ።

ካልሲየምም እንዲሁ ነው። አሲድ የሚያበርዱ የጨጓራ ኪኒኖችና ሽሮፖች፣ መልቲቫይታሚን፣ ለነፍሰ ጡር የሚሰጡ ቫይታሚኖችም አሉ፤ እነዚህኞቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይረንና ካልሲየም ይገኛል። ሁሉንም ከታይሮይድ ኪኒኗ በ4 ሰዓት ልዩነት አራርቁ። ኦሜፕራዞልን ግን ሰዓት በማራራቅ ብቻ አትወጡትም፤ የጨጓራን አሲድ ቀኑን ሙሉ ስለሚቀንስ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

የመድኃኒት መያዣ እወዳለሁ፣ ዛሬ ውጫለሁ አልዋጥኩም የሚለውን ጥርጣሬ ይገላግላል። ግን የታይሮይዷ ለብቻዋ ትቀመጥ።

3. የመረጣችሁትን ሰዓት አትቀያይሩ። አላርም ሙሉ። ከጠዋት ወደ ማታ መዞር ካማራችሁ መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ወደ ደም የሚገባው መጠን ሊለወጥ ስለሚችል ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ቲኤስኤች መታየት አለበት።

አንድ ቀን ብትረሱ አትደንግጡ። መድኃኒቱ ከደም በግማሽ ለመቀነስ 7 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። በዚያው ቀን ትዝ ካላችሁ ሆዳችሁ ባዶ ሲሆን ውሰዱ። በማግስቱ ከሆነ የተለመደውን ብቻ ውሰዱ፤ በራሳችሁ አትደርቡ።

4. የደም ምርመራ ቀን ኪኒኗን ደም ከሰጣችሁ በኋላ ዋጡ። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጥ ባዮቲን የምትወስዱ ከሆነም ቢያንስ ከ2 ቀን በፊት አቁሙ፣ ደም ለሚቀዳችሁም ንገሩ። የታይሮይድ ምርመራን ውጤት ያዛባል፤ በተዛባ ውጤት ደግሞ መጠናችሁ ያለ አግባብ ሊቀየር ይችላል።