ከጠገራ ብር ጉትቻ ለማሠራት፦ ከሰሙ ጀምሩ

አባቴ ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ነበር። ልጅ ሳለሁ የኔ ሥራ ወለል መጥረግ ነው። ጥራጊው ግን አይጣልም፣ በጣሳ ይጠራቀማል። ብናኙ ወርቅ ነዋ! ሰፈሩ በ2016 ሲፈርስ መዶሻና ጉጠቴን ይዤ አራት ኪሎ አንዲት ክፍል ገባሁ።

ከአያታችሁ ሣጥን ጠገራ ብር አግኝታችሁ ጉትቻ ልታሠሩ ነው እንበል። አብዛኛው ሰው የቲክቶክ ፎቶ ይዞ ይመጣል። ፎቶ ክብደት አይነግረኝም። ይልቅ ወጣ በሉና ጊዮርጊስ ካቴድራልን አንዴ ዙሩት። ስምንት ማዕዘን ነው። እኔ ከዚያ የወሰድኩት ሕንፃውን አይደለም፤ አንዱን ማዕዘን ብቻ ነው፣ 135 ዲግሪ። የብር ቅጠል በዚያ ልክ አጠፍኩት፣ ጉትቻ ሆነ። ስድስት ኪሎ ያለው ሙዚየም ገብታችሁ መስቀሎቹን ስታዩም ብሩን ተዉትና ክፍተቱን ተመልከቱ። ውበቱ ያለው እዚያ ነው።

ከአንድ ነገር አንድ መስመር ይበቃል። አንዷ ደንበኛዬ ባንድ ቀለበት ላይ መስቀል፣ ጀበና፣ አንበሳና ስሟን ፈለገች። «ይሄማ የታክሲ መስታወት ሆነ» አልኳት። ስቃ ስታበቃ የጀበናውን አንገት ብቻ አስቀረን።

ቀጥሎ ካርቶን። የብስኩት ካርቶን በልኩ ቁረጡና በክር ጆሯችሁ ላይ አንጠልጥሉት። ነጠላ ልበሱ። ሚኒባስ ተሳፍራችሁ እስከ ሜክሲኮ ደርሳችሁ ተመለሱ። ሰው ያያችኋል፣ ይየው። ነጠላው ላይ ከተያዘ ጫፉ ይክበብ።

አሁን ሰም። ሰምና ወርቅ ሲባል ቅኔው ቃሉን የተዋሰው ከኛ ሙያ ነው። ቅርጹ በሰም ይሠራል፣ ዙሪያውን ይመረጋል፣ ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ የቀለጠው ማዕድን ቦታውን ይይዛል። ስለዚህ ሰሙን አስመዝኑ። 1 ግራም ሰም ወደ 10 ግራም ብር ይሆናል፤ ባለ 18 ካራት ወርቅ ከሆነ ወደ 15። እኔ ለአንድ ጆሮ ከ6 ግራም አላልፍም፤ ሰሙ ከ0.6 ግራም አይበልጥም ማለት ነው። ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው። አንዴ ሳልመዝን የሙሽራ ጉትቻ ሠራሁ፣ እያንዳንዱ 12 ግራም ወጣ። ሙሽራዋ ኬክ ሳይቆረስ አውልቃ ለሚዜዋ አስያዘች። እኔም እዚያው ተቀምጬ አየሁ።

ብሩን ከማስረከባችሁ በፊት መዝኑት። ጠገራ ብር (የማሪያ ቴሬዛው) 28 ግራም ያህል ነው፤ መቼም ቢመታ አብዛኛው 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት አለበት። ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ነው፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ። አንዱን ወደ 925 (ከ1000 እጅ 925ቱ ብር) ለማሳደግ 34 ግራም ያህል ንጹሕ ብር መጨመር ይጠይቃል። ለኔ አይዋጥልኝም፣ እንዳለ እሠራዋለሁ። ታዲያ «925» የሚል ማህተም እንዳይመቱበት። አንገት ላይ ሲደረግ የኖረ ከሆነ ደግሞ የማንጠልጠያው ብየዳ መጀመሪያ ተፍቆ ይነሳ። ብየዳው እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ እርሳስ ከገባበት ብሩ ይሰባበራል። ሲቀልጥ አጠገቡ ቁሙ፤ ጥሩ ሠሪ አይከፋውም። የአያታችሁን መስቀል ይዛችሁ ብትመጡ ግን አላቀልጥም። ሌላ ሰው ፈልጉ።

የወሎ ኦፓል ካማራችሁ እሳቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ ይገባል። ውሃ ያለው ድንጋይ ነው፣ ሙቀት ይሰነጥቀዋል። ሽቶም አታስነኩት።

አባቴ ጌጡን ፊትና ጀርባ እንደ መስታወት ያብሰው ነበር። እኔ ጀርባው ላይ የመዶሻውን ምልክት እተዋለሁ። የሚያውቀው የለበሰው ሰው ብቻ ነው፣ በጣቱ።

ስትረከቡ የተረፈውን ብር አስመዝናችሁ ውሰዱ። ጥራጊው የኔ ነው።