ደንበኛው ሁሉ ስዊድን ይኖራል? በወርኃዊ ክፍያ ድረ ገጾች ላይ የአውሮፓ ቫት ችግርና መፍትሄ

ይህን የምጽፈው ድረ ገጻቸው ክፍያ መቀበል ለጀመረ፣ የቫት ቁጥር ላላቸው ሰዎች ነው። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለግለሰብ የሚሸጥ የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ከ2015 ጀምሮ ገዢው በሚኖርበት አገር ምጣኔ ቫት እንደሚሰላበት ታውቃላችሁ ብዬ እነሣለሁ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሉክሰምበርግ 17፣ ጀርመን 19፣ ስዊድን 25፣ ሃንጋሪ 27 በመቶ ያስከፍላሉ። ይህ አዲስ የሆነበት ሰው አስቀድሞ የሒሳብ ባለሙያ ያነጋግር።

ትንንሾቹን ችግሮች መጀመሪያ ላሰናብት።

ምልክት፦ የግሪክ ድርጅት የቫት ቁጥሩን ቢያስገባም ድረ ገጹ አይቀበለውም። ምክንያት፦ የግሪክ ቁጥር የሚጀምረው በ‹ጂአር› ሳይሆን በ‹ኢኤል› ነው። መፍትሄው ይኸው ነው።

ምልክት፦ የካናሪ ደሴቶች ነዋሪ የስፔን 21 በመቶ ተቆረጠበት። ደሴቶቹ የስፔን ቢሆኑም ከኅብረቱ የቫት ክልል ውጭ ናቸው። ፖስታ ቁጥሩ በ35 ወይም በ38 የሚጀምረውን ለዩ። እንደዚሁ ከክልሉ ውጭ የሆኑት የስፔን ከተሞች ሴውታ በ51፣ ሜሊላ በ52 ይጀምራሉ።

ምልክት፦ ዱባይ፣ ሪያድ ወይም አዲስ አበባ የሚኖር ደንበኛ የአውሮፓ ቫት ተጠየቀ። ምክንያት፦ አንድ ሰው ‹ለሁሉም አገር› የሚለውን ምርጫ አብርቶታል። አጥፉት። ብሪታኒያም ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለችም፤ የራሷን 20 በመቶ ለራሷ ትሰበስባለች።

ምልክት፦ በእናንተው አገር ያለ ድርጅት የቫት ቁጥሩን ሲያስገባ ታክሱ ዜሮ ይሆናል። ይህ ስህተት ነው። ቫቱን ገዢው ድርጅት ራሱ አስልቶ የሚያሳውቀው ሻጩ በሌላ አገር ሲሆን ነው። በተረፈ፣ ቁጥር ስለተጻፈ ብቻ ታክስ አታንሡ፤ ቪየስ በሚባለው የኅብረቱ ማረጋገጫ አጣሩት። አንድ ተማሪ በቁጥሩ ቦታ ስልክ ቁጥሩን ጽፎ ለስምንት ወር ያለ ታክስ ሲከፍል አይቻለሁ።

ምልክት፦ ‹የምሠራው ከዋሽንግተን ነው፤ 10,000 ዩሮ አልሞላሁም፤ ለምን እጠየቃለሁ?› የ10,000 ዩሮው ጣሪያ፣ ማለትም ከዚያ በታች የሸጠ ሰው የራሱን አገር ቫት የሚያስከፍልበት ፈቃድ፣ በኅብረቱ ውስጥ በአንድ አገር ብቻ ለተቋቋሙ ሻጮች ነው። አሜሪካም ሆነ ኢትዮጵያ ያለ ሻጭ ከመጀመሪያዋ ዩሮ ይጀምራል። ጣሪያው የሚመለከታችሁም ብትሆኑ ‹በየአገሩ 10,000› ማለት አይደለም። ከአገራችሁ ውጭ ለሌሎቹ የኅብረቱ አገሮች የሸጣችሁት ሁሉ፣ ቫቱ ሳይጨመር፣ በዓመት ተደምሮ ነው። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርሁት!

አሁን ወደ ዋናው።

የአገር መምረጫው ሳጥን

ምልክት፦ በሽያጭ ዘገባው ላይ ከአገራችሁ ውጭ የሚኖር ደንበኛ የለም፤ ካለም ጥቂት ነው። የኦኤስኤስ መግለጫችሁ በየሩብ ዓመቱ ዜሮ ነው። (ኦኤስኤስ በአንድ አገር ተመዝግበው የሌሎቹን የኅብረቱን አገሮች ቫት በአንድ ላይ የሚከፍሉበት የአንድ መስኮት አገልግሎት ነው፤ በጁላይ 2021 ሞስ የተባለውን ተክቷል።) ደንበኞች አያማርሩም። ሁሉም ሰላም ይመስላል።

ስቶክሆልም ሆና ለልጆች የተቀረጸ የአማርኛ ትምህርት በወር 10 ዩሮ የምትሸጥ አንዲት እህት ደወለችልኝ። ከደንበኞቿ አንዷ እንዲህ ብላ ጽፋላታለች፦ ‹እህቴ፣ እኔ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፤ ደረሰኙ ላይ የስዊድን 25 በመቶ የተጻፈው ለምንድን ነው?› መዝገቡን ከፈትሁት። 180 ደንበኛ አለ፤ 180ውም ስዊድናዊ ነው። ‹ግማሹን በስም አውቀዋለሁ እኮ፤ ጀርመን ነው ያለው› አለች። ኦኤስኤስ ውስጥ በወግ ተመዝግባለች፤ ለአምስት ሩብ ዓመት ዜሮ ስታስገባ ቆይታለች።

የክፍያ ገጹን በስልኬ ከፍቼ እንደ ደንበኛ ልመዘገብ ሞከርሁ። ስም፣ ኢሜይል፣ የካርድ ቁጥር። ከካርዱ በታች፣ ጣት ካልገፋው በማይታይበት ቦታ ላይ የአገር መምረጫ አለ፤ ‹ስዊድን› አስቀድሞ ተመርጦ ተቀምጧል። ድረ ገጹን የሠራው ሰው ለደንበኛ አንድ ጠቅታ የቀነሰ መስሎታል። ልጅ ታቅፋ በአንድ እጇ የምትከፍል እናት ታች ወርዳ አገር ትቀይራለች ብሎ ያሰበ ሰው ካለ፣ እኔ አላገኘሁትም። የሚብሰው ደግሞ ከተዘጋጁት የድረ ገጽ ቅርጾች ብዙዎቹ ሳጥኑን በሻጩ አገር ሞልተው መምጣታቸው ነው።

ማንም ያላማረረው ዋጋው ቫትን የሚጨምር ስለሆነ ነው። ደንበኛው የትም ቢኖር 10 ዩሮ ይከፍላል። ከውስጡ ግን የስዊድን ቫት 2.00፣ የጀርመን 1.60፣ የሉክሰምበርግ 1.45፣ የሃንጋሪ 2.13 ነው። ስህተቱ የሚበላው ከሻጩ ኪስ ነው፦ ለስዊድን 2.00 ከፍላለች፤ ለጀርመን ግን 1.60ው ገና ዕዳ ነው። ጀርመን የሚኖሩት 70 ነበሩ። በሩብ ዓመት ወደ 335 ዩሮ ማለት ነው፤ በአምስት አባዙት።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ሳጥኑን ባዶ አድርጉት፤ ሳይመረጥ ክፍያ አይለፍ። ከካርዱ በላይ አውጡት። ይህ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ግን አይበቃም። ደንበኛው የጻፈው አገር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ደንቡ የሚፈልገው የማይጋጩ ሁለት ማስረጃዎች ነው፦ የክፍያ አድራሻ፣ የአይፒ አድራሻ (ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት፣ አገሩንም የሚጠቁም ቁጥር)፣ ካርዱን የሰጠው ባንክ አገር፣ የመሳሰለው። በኅብረቱ ውስጥ ያለ ሻጭ የዚህ ሽያጩ በዓመት ከ100,000 ዩሮ በታች ከሆነ አንድ ይበቃዋል፤ ያም ቢሆን ከሻጩና ከገዢው ውጭ ከሆነ አካል፣ ለምሳሌ ከክፍያ አገልግሎት ሰጪው፣ የመጣ መሆን አለበት። ስለዚህ የካርዱን አገር ከእያንዳንዱ ክፍያ ጋር አስቀምጡ፤ በምዝገባ ቀን አንድ ጊዜ ይዞ መተው ዋጋ የለውም። ሰው ቤት ይቀይራል።

ነባሮቹን ደንበኞች ለማረም ከክፍያ አገልግሎት ሰጪው የካርድ አገሮችን ዝርዝር አወጣንና ከመዝገቡ ጋር አመሳከርን። ላልገጠሙት ‹የሚኖሩበትን አገር እዚህ ተጭነው ያረጋግጡ› የሚል ኢሜይል ላክን። የመለሰ የለም፤ የአጭበርባሪ መልእክት ይመስል ነበር፤ እኔም ብሆን አልጫነውም። በማግስቱ እህታችን ለወላጆቹ የቴሌግራም ቡድን በራሷ ድምፅ ነገሩን አስረድታ ላከች። ማታውን ሁሉም መለሱ።

ያለፉትን አምስት ሩብ ዓመታት የድሮ መግለጫ ከፍቶ ማረም አይቻልም። እርማቱ በሚቀጥለው የኦኤስኤስ መግለጫ ላይ አገሩ፣ ሩብ ዓመቱና መጠኑ ተጠቅሶ ይገባል፤ ይህም የመጀመሪያው መግለጫ መግባት ከነበረበት ቀን አንሥቶ እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ነው። ለስዊድን በስህተት የተከፈለው በኦኤስኤስ አይስተካከልም፤ የራሳችሁ አገር ሽያጭ የሚገባው በአገር ውስጡ መግለጫ ነውና እርማቱም በዚያው ይጠየቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ በእነዚያ ሩብ ዓመታት ኦኤስኤስ ውስጥ ካልነበራችሁ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ልትጠቀሙበት አትችሉም። ዕዳው በቀጥታ ከየአገሩ ግብር መሥሪያ ቤት ጋር ይሆናል። ይህን በራሳችሁ አትነካኩት፤ ባለሙያ ያዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ የታረሙትን ደረሰኞች ለሁሉም በአንድ ሌሊት አትላኩ። አንድ ወንድም ይህን አድርጎ 140 ሰው ‹ዳግመኛ ተቆረጠብኝ› ብሎ ተነሣበት፤ ከፊሎቹም ባንካቸው ክፍያውን እንዲመልስ ጠየቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ የኦኤስኤስ መግለጫና ክፍያ ሩብ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ባለው ወር የመጨረሻ ቀን ነው። እሑድ ቢሆንም አይሸጋገርም።

ካርዱ ሊቱዌኒያ፣ ሰውየው ሮም

ሳጥኑን ያስተካከለ ሰው ቀጥሎ የሚያየው ችግር ይህ ነው። ‹ሊቱዌኒያ ውስጥ ይህን ያህል ሐበሻ አለ እንዴ?› ብሎ የጠየቀኝ ሻጭ 23 ሊቱዌኒያዊ ደንበኞች ነበሩት። የለም። ቅርንጫፍ ሳይኖራቸው በስልክ ብቻ ከሚሠሩት ባንኮች አንዳንዶቹ ፈቃዳቸው የሊቱዌኒያ ነው፤ ደንበኛው ሮም ቢኖርም ካርዱ ከዚያ የተሰጠ ሆኖ ይታያል። እዚህ ላይ የካርዱን አገር ብቻ ማመን ሌላ ስህተት ነው። ካርዱና የተጻፈው አድራሻ ሲጋጩ አይፒውን እዩ፤ ከአድራሻው ጋር ከገጠመ ሁለት ማስረጃ አላችሁ።

የእኛ ሰው ልዩ ጉዳይ ደግሞ የዘመድ ካርድ ነው። አዲስ አበባ ያለች እህት ትመዘገባለች፤ ሙኒክ ያለው ወንድሟ ይከፍላል። አይፒው ኢትዮጵያ፣ ካርዱ ጀርመን። ሥርዓቱ ወይ ክፍያውን ይከለክላል፣ ወይ ያገኘውን አገር ይወስዳል። ቁልፉ ጥያቄ ደንበኛው፣ ማለትም አገልግሎቱን የገዛው ሰው፣ የት እንደሚኖር ነው። ‹የሚከፍሉት ለራስዎ ነው?› የሚል አንድ መስመር ጨምሩና የሦስተኛውን ማስረጃ መንገድ ክፈቱ። መልሱንም አስቀምጡ፤ የኦኤስኤስ መዝገብ ለ10 ዓመት ይጠበቃል።

በጉዞ ላይ የሚቀየር አይፒና ቪፒኤን (ሰውየው በሌላ አገር ያለ የሚያስመስል መተግበሪያ) አልፎ አልፎ ያጋጥማሉ። አይፒን ብቻውን ካላመናችሁ አያስቸግሩም።

ምጣኔው ተቀይሯል፣ እድሳቱ አልተቀየረም

ምልክት፦ አዲስ ደንበኛ ትክክለኛውን ምጣኔ ይከፍላል፤ ነባሩ በአሮጌው ይታደሳል። ምክንያት፦ ሶፍትዌሩ ምጣኔውን በምዝገባ ቀን ከደንበኛው ጋር አሥሮታል። ስሎቫኪያ በጃንዋሪ 2025 ከ20 ወደ 23፣ ኢስቶኒያ በጁላይ 2025 ከ22 ወደ 24፣ ሮማኒያ በኦገስት 2025 ከ19 ወደ 21 ገብተዋል። እድሳቱ ምጣኔውን በየክፍያው ቀን ከሠንጠረዡ እንዲያነብ አድርጉ፤ የአሮጌ ደረሰኞችን ምጣኔ ግን አትንኩ።

ፊንላንድ ለብቻዋ ትታይ። በሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 ከ24 ወደ 25.5 ከፍ አለች። ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚቀበል የምጣኔ ሳጥን የሠራ ባለሙያ አጋጥሞኛል፤ 25.5 ሲጻፍበት ነጥቧን ውጦ 25 ያስቀምጣል፤ ስህተት መኖሩንም አይናገርም። ለማጣራት በሄልሲንኪ አድራሻ የ10 ዩሮ ሙከራ ግዢ አድርጉና ደረሰኙን እዩ። ቫቱ 2.03 መሆን አለበት። 2.00 ካለ ሳጥኑ ነጥቧን ውጧታል፤ 1.94 ካለ ደግሞ አሁንም 24 ላይ ቆማችኋል።