የዘጌን ቡና መርጦ፣ ቆልቶ ማፍላት፦ ለጎንደር ቤት

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ቡና ሊሸምት የወጣ ሰው የሩቅ አገሩን ሁሉ ጠይቆ የጣናውን የዘጌን ቡና ያልፈዋል። «አፈር አፈር ይላል» ይባላል። አፈሩ ግን ከዛፉ የመጣ አይደለም፤ ከአለቃቀሙና ከአደራረቁ የመጣ ነው። ስለዚህ ጣዕሙን ለማውጣት ከምድጃው በፊት ዓይንና ጣት ይሠራሉ።

ዘጌ ከባሕር ዳር ማዶ ወደ ሐይቁ የገባ መሬት ነው፤ ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ይሆናል። ትውፊቱ ቡናን፣ ጌሾንና ሎሚን ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዛል። በሬ ጠምዶ ማረስ በገዳማቱ ሥርዓት ክልክል ሆኖ ስለቆየ ደኑ አልተመነጠረም፤ ቡናውም በዋንዛና በመሰል ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ጥላ ያለበት ፍሬ ቀስ ብሎ ስለሚበስል ጣፋጭነት ያጠራቅማል። ከነገለባው ሲደርቅ ደግሞ ጣፋጭ ጣዕም ይይዛል፤ ስለዚህ እንደ ታጠበ ይርጋጨፌ አይኮመጥጥም፣ ወፈር ይላል።

የሚያበላሸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቀዩንም አረንጓዴውንም አንድ ላይ ከቅርንጫፉ ማራገፍ ነው። ያልበሰለው ፍሬ ተቆልቶም ገርጥቶ ይቀራል፣ ሲጠጣም አፍ ያስራል። ሁለተኛው ባዶ መሬት ላይ ማስጣት ነው፤ እርጥብ ጀንፈል (ከነገለባው ያለ ቡና) የአፈርና የሻጋታ ጠረን ይስባል። ጓሮው ቡና ያለው ሰው ቀዩን ብቻ ይልቀም፤ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ ወይም የቀርከሃ አልጋ ላይ ከ4 ሴንቲ ሜትር ሳያስበልጥ ያስጣ፤ ቀን ደጋግሞ ያገላብጠው፣ ማታ ይሸፍነው። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ያረጀና ምርቱ የቀነሰ ዛፍ ከለቀማ በኋላ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ላይ አግድም ሳይሆን ሰያፍ ይጎንደል፣ ውሃ እንዳያቁር። ካቆጠቆጠው ሁለት ሦስቱን ጠንካራ ብቻ ማስቀረት ነው።

ሲገዙ ጀንፈል ከሆነ እፍኝ አንስተው ጆሮዎ አጠገብ ያንቀጫቅጩት፤ በደንብ የደረቀው ከውስጡ ይንኳኳል። ከ1 ኪሎ ጀንፈል ግማሽ ኪሎ ያህል ጥሬ ቡና እንደሚወጣ አስበው ዋጋውን ያነጻጽሩ። የተፈለፈለ ከሆነ አንዷን ፍሬ ይንከሷት። ጥርስ ከገባባት ገና እርጥብ ናት፤ ቤት ስትቀመጥ ትሻግታለች። ከዚያ ያሽትቱት። የጆንያ ወይም የምድር ቤት ጠረን ካለው ይተዉት፤ መቁላት አያጠፋውም።

ለዘጠኝ ስኒ 60 ግራም ጥሬ ቡና ይበቃል። ሰፌድ ላይ አፍስሰው ጥቁሩን፣ የተበሳውን፣ የተሰበረውንና የተጨማደደውን ይልቀሙ። ይህን ሥራ በችኮላ የሚያልፍ ሰው የቀረውን ባይደክምበት ይሻላል፤ አንድ የሸተተ ፍሬ ጀበናውን ሁሉ ያበላሻል። ከዚያ በውሃ ሁለት ጊዜ እሽት አድርገው ያጥቡትና ውሃውን አጥልለው ጨርቅ ላይ ያንጠፍጥፉት።

ከሰሉ ነበልባሉ ጠፍቶ አመድ ሲለብስ ብረት ምጣዱን ይጣዱ። ቡናውን አፍስሰው ሳያቋርጡ ያምሱት። መጀመሪያ እርጥበቱ ይተናል፣ ቢጫ ይሆናል፣ የተጠበሰ ገብስ ይሸታል፤ ቀጥሎ ቡናማ ሆኖ መንጣጣት ይጀምራል። በመካከለኛ እሳት ይህ ከ7 እስከ 9 ደቂቃ ይወስዳል። መንጣጣቱ ከበረደ በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይተው ያውጡት። ዘይት አውጥቶ እስኪያብለጨልጭ መጠበቅ ልማድ ነው፤ ለዘጌ ግን አይሆንም፤ ጣፋጭነቱ ይከስልና መራራው ብቻ ይቀራል። እሳቱ ከበረታ ውጭው ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ይሆናል፤ ለዚህም አንዱን ፍሬ ሰብረው ውስጡን ይዩ፣ ከውጩ ጋር መመሳሰል አለበት። እሳቱ ከደከመ ደግሞ ሳይንጣጣ ደርቆ ጠረኑ ይሞታል። ጭሱን ለእንግዶች ካዞሩ በኋላ ገርጥቶ የቀረ ፍሬ ካለ ያውጡ። ቡናው በረድ ሲል በሙቀጫ ይውቀጡት። በጣም ከላመ አይሰክንም፤ ከሻከረ ቀጭን ይሆናል፤ ከደቃቅ አሸዋ ትንሽ ሸከር ሲል ይበቃል።

ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቆላ ካለ ቤት ይልቅ ጥቂት ደቂቃ መጨመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሦስት አራተኛ ሊትር ውሃ በጀበናው ሲንተከተክ ዱቄቱን በአንገቱ ይጨምሩ። ሊገነፍል ሲል ያንሱት፣ ሲመለስ ይጣዱት፤ ሦስት ጊዜ። በማቶት ላይ ትንሽ አዘንብለው 5 ደቂቃ ያስክኑት። ሲቀዱ ከስኒ ወደ ስኒ ጀበናውን ቀጥ አያድርጉት፤ ቀና ሲል የሰከነው አተላ ይነሣል።

አቦሉን ያለ ስኳር ይቅመሱት፤ ጤና አዳሙ ለቶናው ይቆይ። ለቶና ግማሽ ሊትር ውሃ ጨምረው ከ6 እስከ 7 ደቂቃ ያፍሉ። በረካው በጣም የሚቀጥንብዎ ከሆነ ከአቦሉ ዱቄት አንድ የሾርባ ማንኪያ አስቀርተው ለበረካው ይጨምሩበት።

አዲስ ጀበና ከገዙ መጀመሪያ በቡና አተላና በውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ አፍልተው ያሟሹት፤ አለዚያ ቡናው ጭቃ ጭቃ ይላል፣ ሰውም ዘጌን ይወቅሳል። ሳሙና አያስነኩት፣ ሸክላ ይመጠዋል። በሙቅ ውሃ አለቅልቀው ክዳኑን ሳይገጥሙ ይድፉት።