የማይስማማው ምግብ ላለበት ያረጀ ውሻ የመገጣጠሚያ እንክብካቤ

ያረጀ ውሻ ከተኛበት ለመነሳት ሲቸገር፣ ደረጃ ፊት ቆሞ ሲያመነታ፣ ጥቂት ተራምዶ ሰውነቱ እስኪሟሟቅ ድረስም ሲያነክስ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያስበው የሚታኘክ የመገጣጠሚያ ማጠናከሪያ መግዛትን ነው። የምግብ አለርጂ ወይም ሌላ የምግብ አለመስማማት ላለበት ውሻ ግን ማጠናከሪያው ራሱ እንደ ምግብ ሊቆጠር ይገባዋል። በእነዚህ ማጠናከሪያዎች ውስጥ ከሚገቡት ነገሮች ግሉኮሳሚን አብዛኛውን ጊዜ ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት፣ ኮንድሮይቲን ከከብት ወይም ከአሳማ፣ ኮላጅን ደግሞ ከከብት ወይም ከዶሮ የሚወጡ ሲሆን፣ ውሻው ወዶ እንዲበላቸው የጉበት ወይም የዶሮ ጣዕም ይጨመርባቸዋል። በዚህ ምክንያት ለጉልበቱ ተብሎ የተሰጠው ነገር ቆዳውን ሊያሳክከው ወይም ሆዱን ሊያውከው ይችላል፤ ጥፋቱ ግን ሳህኑ ላይ ባለው ምግብ ይሳበባል።

ማናቸውንም ነገር ከመጀመርዎ በፊት ውሻዎን የእንስሳት ሐኪም እንዲመረምረው ያድርጉ። ማንከስ ሁሉ የእርጅና አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ብግነት) አይደለም፤ የጉልበት ጅማት መበጠስ፣ የአከርካሪ ችግር ወይም የአጥንት ዕጢም ሊሆን ይችላል። እግሩን በድንገት መሬት ማስነካት ያቃተው ውሻ ደግሞ የአመጋገብ ለውጥን ውጤት እየጠበቀ ሊቆይ አይገባም።

የማይስማማው ምግብ የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት ካልታወቀ ቀጣዩ ሥራ ይህንኑ መለየት ነው። ውሾችን በብዛት የሚያስቸግሩት የከብት ሥጋ፣ የወተት ተዋጽኦ፣ ዶሮና ስንዴ ናቸው። በደም፣ በምራቅ ወይም በጸጉር ናሙና ይህን እንለያለን የሚሉ ምርመራዎች አስተማማኝ ስላልሆኑ ገንዘብዎን ባያወጡባቸው ይሻላል። የሚታመነው መንገድ የማጣሪያ አመጋገብ ነው፦ ውሻው ከዚህ በፊት በልቶት የማያውቀውን አንድ የፕሮቲን ምንጭ ብቻ፣ ወይም ፕሮቲኑ በጣም ትናንሽ ሆኖ የተሰባበረ፣ ሃይድሮላይዝድ የተባለ ምግብ ለ8 ሳምንት ያህል መመገብ፣ ከዚያም የቀድሞውን ምግብ መልሶ ሰጥቶ ምልክቱ መመለስ አለመመለሱን ማየት። አለርጂ ከሆነ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ ይመለሳል። ብዙ ሰው ምልክቱ ሲጠፋ ደስ ብሎት እዚያው ላይ ያቆማል፤ ነገር ግን ይህ የመጨረሻው እርምጃ ካልተፈጸመ ውሻውን ያሻለው የምግቡ ለውጥ ይሁን ሌላ ነገር ማወቅ አይቻልም።

በእነዚህ ሳምንታት ጣዕም ያለው የትል ወይም የቁንጫ ክኒን፣ የውሻ የጥርስ ሳሙና፣ ከገበታ የሚወረወር ቁራሽ፣ መገጣጠሚያውን ይጠቅመዋል የተባለ የሚታኘክ ክኒንም ጭምር መቆም አለባቸው። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ከሆነ ግን በራስ ውሳኔ አያቋርጡት፤ ጣዕም የሌለው ተመሳሳይ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ቤት ውስጥ የሚዘጋጅ ምግብ ለመስጠት ካሰቡም ሥጋና ሩዝ ብቻ ካልሲየምን የመሰሉ አስፈላጊ ንጥረ ነገሮች ስለሚጎድሏቸው፣ ቀመሩን የእንስሳት ሥነ ምግብ ባለሙያ ቢያወጣው ይመረጣል።

ከምግቡ ቀጥሎ ለመገጣጠሚያ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ክብደት ነው። በእኔ ግምት ይህ የሚዘነጋው ከሱቅ ተገዝቶ የሚመጣ ነገር ስላልሆነ ይመስለኛል። በ48 ላብራዶር ውሾች ላይ ዕድሜ ልካቸውን በተደረገና ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከእኩዮቻቸው በ25 በመቶ ያነሰ ምግብ የተሰጣቸው ውሾች የኖሩበት ዕድሜ መካከለኛ ቁጥር 13 ዓመት ሲሆን የሌሎቹ 11.2 ዓመት ነበር፤ አርትራይተስም ዘግይቶ ነው የያዛቸው። ከመጠን በላይ የወፈረና የሚያነክስ ውሻ ከክብደቱ ከ6 እስከ 9 በመቶ ያህል ብቻ ሲቀንስ አረማመዱ ሲሻሻል ታይቷል። የጎድን አጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ በቀላሉ የሚገኝ፣ ከላይ ሲታይም ወገቡ ገባ ያለ ውሻ በተገቢው ክብደት ላይ ነው። ምግቡን በስፍር ሳይሆን በሚዛን ለክተው ይስጡ፤ ማበረታቻ ጉርሻ ከዕለቱ ካሎሪ 10 በመቶ አይለፍ፤ ጉርሻውም ከዚያው ከተስማማው ምግብ ላይ ተነሥቶ የሚሰጥ ይሁን።

ከማጠናከሪያዎች ሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ኦሜጋ-3 የተባለው የስብ ዓይነት፣ በተለይም በዓሣ ዘይት ውስጥ የሚገኙት ኢፒኤ እና ዲኤችኤ ናቸው። ለአርትራይተስ በተለምዶ የሚጠቀሰው መጠን የሁለቱ ድምር ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ወደ 100 ሚሊ ግራም ነው፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 2,000 ሚሊ ግራም ማለት ነው። እዚህ ላይ የማሸጊያው ጽሑፍ ያሳስታል፦ 1,000 ሚሊ ግራም የተባለው የተለመደው እንክብል ውስጥ የሁለቱ ድምር ብዙውን ጊዜ 300 ሚሊ ግራም ብቻ ስለሆነ 7 ያህል እንክብል ያስፈልጋል፤ ያም ከ60 ካሎሪ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ የተጠናከረውን ዓይነት መምረጥ፣ ካሎሪውንም ከምግቡ ላይ መቀነስ ይበጃል። የእንክብሉ ልባስ ጄላቲን ከከብት ሊሠራ ስለሚችል ለከብት ሥጋ አለርጂ ላለበት ውሻ ፈሳሹ ይሻላል፤ ዓሣ ለማይስማማው ደግሞ ከአልጌ የሚወጣ ዘይት አለ። ከሩብ መጠን ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ ተቅማጥን ይከላከላል። የኮድ ዓሣ ጉበት ዘይት ግን በቫይታሚን ኤ እና ዲ የበለጸገ በመሆኑ በዚህ መጠን ሊሰጥ አይገባም።

ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲንን በተመለከተ የጥናቶቹ ውጤት የተምታታ ነው። ሆዱ በቀላሉ ለማይታወክ ውሻ ቢሞከሩ ጉዳታቸው ትንሽ ነው፤ ምግብ ለማይስማማው ውሻ ግን እኔ ከመጨረሻዎቹ ተርታ አስቀምጣቸዋለሁ።

ሕመም ያለበት ውሻ የማጣሪያው ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ መሰቃየት የለበትም፤ በየወሩ በመርፌ የሚሰጡ፣ ከምግብ ጋር የማይገናኙ የሕመም መድኃኒቶችም አሉ። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ማሳከክንና ሕመምን በአንድ ጊዜ ማከም ላይ ነው። ለማሳከክ ፕሪድኒሶሎን የመሰለ ስቴሮይድ የሚወስድ ውሻ እንደ ካርፕሮፌን ያለ የብግነት መድኃኒት ቢጨመርለት ጨጓራው ሊቆስል፣ እስከ መበሳትም ሊደርስ ይችላል። ሁለት የተለያዩ ሐኪሞች ካዩት ውሻው የሚወስደውን ሁሉ ለሁለቱም ይንገሩ። የብግነት መድኃኒት የጀመረ ውሻ ቢያስመልሰው፣ ምግብ ቢጠላ ወይም ሰገራው ቢጠቁር፣ እንደለመደው ምግብ ሳይስማማው ቀርቶ ነው ብለው አይለፉት፤ መድኃኒቱን አቁመው ወዲያውኑ ሐኪሙን ያነጋግሩ። ኢቡፕሮፌንን የመሰሉ የሰው ማስታገሻዎች ፈጽሞ አይሰጡት።

እንቅስቃሴው አጭርና ተደጋጋሚ ይሁን፤ ሳምንቱን ሙሉ ተኝቶ በዕረፍት ቀን ረጅም መንገድ መሄድ ይጎዳዋል። የሚያንሸራትት ወለል ላይ ምንጣፍ ያንጥፉ፣ ጥፍሩን ያሳጥሩ፣ መኝታውን ወፍራምና ሞቃት ያድርጉለት።

ከእነዚህ ለውጦች ሁለቱን በአንድ ሳምንት አይጀምሩ። የሰጡትን ነገርና ቀኑን፣ የሰገራውን ሁኔታ፣ ያከከበትን ቦታና ጠዋት ለመነሳት የፈጀበትን ጊዜ በማስታወሻ ደብተር ይመዝግቡ፤ በየ2 ሳምንቱም በአንድ ቦታ ሲራመድ በስልክዎ ይቅረጹት። በየዕለቱ የሚያዩትን ውሻ ለውጥ ዓይን አያስተውለውም፤ የመጀመሪያው ቀረጻ ከስምንተኛው ሳምንት ቀረጻ ጋር ሲነጻጸር ግን ዘይቱ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን ለመወሰን ሐኪሙም እርስዎም የሚመለከቱት ነገር ይኖራችኋል።