የፈረስ ማንቁርት ስፌት ክርና ማያያዣ አፈታተሽ

የማንቁርቱ ግራ ጎን ሰልሎ ሲጋልብ የሚያፏጭ ፈረስ በቀዶ ሕክምና ሲረዳ፣ ከክሪኮይድ (ቀለበት መሳይ የማንቁርት ልም አጥንት) ወደ አሪቲኖይዱ (የአየር መንገዱን የሚከፍትና የሚዘጋ ልም አጥንት) ወፍራም ክር ተወጥሮ የአየር መንገዱ ክፍት እንዲቆይ ይደረጋል። ከሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት መንገዱ መልሶ ሲጠብ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የክሩ መበጠስ አይደለም፤ ክሩ ልም አጥንቱን እየቆረጠ ይገባል። ክርን ለብቻው ጎትቶ መበጠስ ስለዚህ ለሐኪሙ ብዙም አይነግረውም። ፈተናው በማንቁርቱ ላይ ይሁን።

ጎጃም ውስጥ የፈረስ ሥጋ ስለማይበላ ከቄራ ማንቁርት አይገኝም። ባለቤቱ ከፈቀደ ከሞተ የጋሪ ወይም የኮርቻ ፈረስ ውሰዱ። በድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ያልረጋ ደም የሚፈሰውን ግን አትክፈቱት፤ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ማንቁርቱን ከአራት አምስት የአየር ቧንቧ ቀለበቶች ጋር ቆርጣችሁ በ0.9 በመቶ ጨው ውሃ በረጠበ ጋዝ (የቁስል ጨርቅ) ጠቅልሉና በድርብ ፕላስቲክ በ-20 ዲግሪ አስቀምጡ። ከፈተናው በፊት ባለው ሌሊት በ4 ዲግሪ ይቅለጥ፤ ከቀለጠ በኋላ ዳግም በረዶ አይደረግ። ዕድሜውን መዝግቡ፤ የወጣት ፈረስ ልም አጥንት ለስላሳ ነው፣ የሽማግሌው ይደነድናል። የአዊ ፈረስ አነስተኛ ስለሆነ ውጤቱን ከትልልቅ የውጭ ዝርያዎች ጋር አታወዳድሩ።

ሁለት ክሮች ስታወዳድሩ አንዱን በግራ፣ ሌላውን በዚያው ማንቁርት ቀኝ ስፉ፤ በሚቀጥለው ማንቁርት ጎኑን አቀያይሩ። መርፌው ከክሪኮይዱ የኋላ ጠርዝ ገብቶ ወደፊት ይውጣ፣ የውስጡን ስስ ሽፋን ግን አይብሳ፤ በጣት ዳስሱና አረጋግጡ። ከቋጠሮው የተረፈውን 3 ሚሊ ሜትር አስቀርታችሁ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ ሲያመልጥ ይታያል። ነጠላ ጭረት የሆነ ናይለን ከተጎነጎነ ፖሊስተር ይልቅ ስለሚያንሸራትት ቋጠሮ ይጨመርለት። ክሩ በኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ተቀቅሎ ከሆነ አገልግሎት የሚሰጠው፣ ተቀቅሎ ይፈተን። የልብስ ቁልፍ መሳይ ብረት ማያያዣ ካለ ደግሞ ጫናውን በሰፊው ይበትናልና ያለ እሱ ከተሰፋው ጋር ይነጻጸር።

ክሪኮይዱን በመጎተቻ ማሽኑ መንጋጋ በቀጥታ አትያዙ፣ ይደቅቃል። የፊት ግማሹን በጥርስ አክሪሊክ (የጥርስ ሐኪም በሚጠቀምበት የሚጠጥር ፕላስቲክ) ቅበሩ፤ አክሪሊኩ ሲጠጥር ስለሚሞቅ ስፌቱ ያለበትን ክፍል በእርጥብ ጋዝ ሸፍኑ። ከዚያ ስፌቱ በ5 እና በ50 ኒውተን (የኃይል መለኪያ) መካከል በሴኮንድ አንድ ጊዜ 10,000 ጊዜ ይጎተት፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ይህ የመዋጥንና የማሳልን ጫና ለመምሰል ነው። በየመቶው ዙር በክሪኮይዱና በአሪቲኖይዱ መካከል ያለውን ክፍተት በሚሊ ሜትር መዝግቡ፣ በየ10 ደቂቃው ጨው ውሃ ርጩ። በመጨረሻ እስኪሰበር ጎትቱና የተሰበረበትን ቦታ ለዩ፦ ቋጠሮ፣ ክር፣ ክሪኮይድ ወይስ አሪቲኖይድ።

ማሽን ለሌለው ጀሪካን ይበቃል፦ አንድ ሊትር ውሃ 9.8 ኒውተን ገደማ ነው፣ የባዶው ጀሪካን ክብደትም ይደመር። በየደቂቃው አንድ ሊትር ጨምሩና ክፍተቱን በካሊፐር (በሚሊ ሜትር መለኪያ መሣሪያ) ለኩ። ቀስ ብሎ መላላቱን ያሳያል፤ የተደጋጋሚ ጉተታን ጉዳት ግን አያሳይም። በማሽን ስትፈትኑ መብራት ዙሩ መሃል ላይ ከጠፋና ናሙናው ተወጥሮ ከቆየ፣ ያንን ናሙና ጣሉት።